ፎቶ የበዛበትን ገጽ የሚችለው ብሮውዘር የትኛው ነው? ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ኤጅ፣ ሳፋሪና ኦፔራ ሚኒ ሲመዘኑ

አርባ ትልልቅ ፎቶ ያለበት ገጽ ክፈቱና ፈጠን ብላችሁ ወደ ታች ስክሮል አድርጉ። ላይ ያሉት አምስት ስድስቱ ወዲያው ይመጣሉ። ቀጥሎ ባዶ ነጭ ሳጥን፣ ቀጥሎ ግማሹ ብቻ የወጣ ፎቶ፣ ከዚያ ስልኩ መሞቅ ይጀምራል። ወደ ሌላ ታብ ሄዳችሁ ስትመለሱ ደግሞ ገጹ ከላይ ጀምሮ እንደ አዲስ ይጫናል። አብዛኛው ሰው ይህን ሁሉ በኢንተርኔቱ ያመካኛል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሎቹ መጥተው አልቀዋል፤ ያቃተው ብሮውዘሩ ነው።

ነገሩ ሒሳብ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በጄፔግ ተጨምቆ 3 ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል። ስክሪን ግን የተጨመቀ ፋይል አያውቅም። ብሮውዘሩ ፋይሉን ፈትቶ እያንዳንዱን ፒክስል ሜሞሪ ላይ መዘርጋት አለበት፤ አንዱ ፒክስል በተለመደው አሠራር ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት አንድ አንድ ባይት፣ በድምሩ 4 ባይት ይይዛል። 4000 በ3000፣ እሱ ደግሞ በ4 ሲባዛ 48 ሚሊዮን ባይት ነው። 3 ሜጋ የነበረው 48 ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ አርባ ፎቶዎች አንድ ላይ ቢዘረጉ 1.9 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳሉ። ፋይሉ የቱንም ያህል ቢጨመቅ ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም፤ የሚቀንሰው ፒክስሉ ሲያንስ ነው።

ስለዚህ እዚህ ብሮውዘሮቹ የሚመዘኑት ገጽ ለመክፈት በፈጀባቸው ሰከንድ አይደለም። ፎቶው ከደረሰ በኋላ በምን መጠን ይፈቱታል፣ መቼ ይጥሉታል፣ ተጠቃሚው «በቃ» ማለት ሲፈልግስ ይሰሙታል ወይ? በዚህ ሚዛን ፋየርፎክስ ይቀድማል። ክሮም በስክሮል ቅልጥፍናና በመመርመሪያ መሣሪያ የሚስተካከለው የለም፣ ነገር ግን ለተጠቃሚው የሚተወው ሥልጣን ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቷል። ሳፋሪ ብዙ ዓይነት ፎርማት ያነባል፤ በአይፎን ላይ ግን እጅን ያስራል።

መጀመሪያ ለኩት

ብሮውዘር ከመቀየር በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ይሻላል፤ ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ብሮውዘሩ ውስጥ አለ። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ የራሱ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የአምዶቹ ርዕስ ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢሜጅ ካሽ» የሚለውን ብትመርጡ እያንዳንዱ ታብ ለምስል ካሽ (እንደገና እንዳይወርድ ለተቀመጠ ቅጂ) የያዘው ሜሞሪ ለብቻው ይታያል። ፋየርፎክስ ላይ አድራሻ መጻፊያው ውስጥ «ኧባውት ኮሎን ፕሮሰስስ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ የእያንዳንዱን ታብ ሜሞሪ ያሳያል። ጠለቅ ያለ ከፈለጋችሁ «ኧባውት ኮሎን ሜሞሪ» ክፈቱና «ሜዠር» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ በሚመጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ «ኢሜጅስ» የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። የተፈታው ምስልና የተጨመቀው ፋይል እዚያ ተለይተው ተቀምጠዋል።

ቀጥሎ ኤፍ 12 ተጭናችሁ የገንቢ መሣሪያውን ክፈቱና «ኔትወርክ» ውስጥ ግቡ። «ዲስኤብል ካሽ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ። ይህን የዘለለ ሰው የሚለካው ቀድሞ የወረደውን ገጽ ነው፤ ሁለተኛ የተሞከረው ብሮውዘርም ያለ ጥፋቱ ቀርፋፋ ይባላል። ምስል ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ስትጫኑ እያንዳንዱ ፎቶ ስንት ኪሎ ባይት እንደሆነና ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ ይዘረዘራል። ፎቶዎቹ በሁለት ሰከንድ ወርደው አልቀው ስክሪኑ ግን ስምንት ሰከንድ ከተንቀራፈፈ፣ ችግሩ መስመሩ አይደለም።

አንድ ፎቶ ቀረብ ብለን እንይ። ክሮም ላይ ፎቶው ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢንስፔክት» በሉ፤ በሚከፈተው ኮድ ውስጥ የፎቶው አድራሻ ላይ ማውሱን ስታሳርፉ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል። ሁለት ልኬት አለው፦ ፎቶው ገጹ ላይ የተሰጠው ቦታና የፋይሉ እውነተኛ መጠን። የመጀመሪያው 360 በ270፣ ሁለተኛው 4000 በ3000 ሆኖ ካገኛችሁት ብክነቱ ፊት ለፊታችሁ ነው። 360 በ270 ማለት 97,200 ፒክስል ነው፤ የመጣው ግን 12 ሚሊዮን፣ ከሚያስፈልገው 123 እጥፍ። ጥራቱ ሦስት እጥፍ የሆነ የስልክ ስክሪን እንኳ የሚፈልገው 1080 በ810 ነው፤ ያም ሆኖ የመጣው ከሚፈለገው ወደ 14 እጥፍ ይጠጋል። ይህ የዌብሳይቱ ባለቤት ጥፋት ነው። ጥሩ ብሮውዘር ግን ጥፋቱን ሊያለዝበው ይችላል።

ፋየርፎክስ

ፋየርፎክስን የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ይኸው ማለዘብ ነው። ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ከዚያ አያሳንሰውም፤ እየፈታው እያለ ወደሚታይበት መጠን ያሳንሰዋል። ከላይ ያየነው 4000 በ3000 ፎቶ 360 በ270 ቦታ ላይ ሲውል በተራ ስክሪን ሜሞሪ ላይ የሚቀረው 0.4 ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም። ጥራቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ስክሪን 3.5 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ከ48 ጋር አስተያዩት። በዚህ ላይ ከዓይን የራቁ ፎቶዎችን የተፈታ ቅጂ እየጣለ የተጨመቀውን ብቻ ያስቀራል፤ ተመልሳችሁ ስትመጡ እንደገና ይፈታዋል። ራም ጠበብ ባለ መሣሪያ ላይ ረጅም የፎቶ ገጽ ሳይዘጋ እንዲቆይ የሚያደርገው ይህ ነው።

ዋጋውም ከዚያው ይመጣል። የተጣለ ፎቶ እንደገና ሲፈታ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፤ በፍጥነት ወደ ላይ ሲመለሱ ለቅጽበት ባዶ ቦታ ይታያል። ዘግይተው እንዲጫኑ የተደረጉ ፎቶዎችንም ፋየርፎክስ የሚጠራቸው ከክሮም ይልቅ ስክሪኑ ሲቀርባቸው ስለሆነ መስመሩ ሲደክም ነጩ ሳጥን ጎልቶ ይታያል። ጥሩ ፕሮሰሰርና ብዙ ራም ያለው ሰው ይህን ልዩነት እንደ ጉድለት ቢያየው አይፈረድበትም።

የፋየርፎክስ ሁለተኛ ጥንካሬ ቁልፉን ለባለቤቱ መስጠቱ ነው። አድራሻው ላይ «ኧባውት ኮሎን ኮንፊግ» ብላችሁ ማስጠንቀቂያውን ተቀበሉና «ፐርሚሽንስ ነጥብ ዲፎልት ነጥብ ኢሜጅ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ቁጥሩ 1 ሲሆን ሁሉም ምስል ይመጣል፤ 2 ሲሆን ምንም አይመጣም፤ 3 ሲሆን ከዚያው ዌብሳይት የሆነው ብቻ ይመጣል። 3 ቁጥር ጥሩ ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ዌብሳይቶች ፎቶዎቻቸውን በሌላ ስም በተመዘገበ ማከፋፈያ ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጡ ከማስታወቂያው ጋር ዋናው ፎቶም ይጠፋል። የሚንቀሳቀሱ ጊፎች ለሚያስቸግሩት ደግሞ «ኢሜጅ ነጥብ አኒሜሽን አንደርስኮር ሞድ» የሚለውን «ነን» ማድረግ ጨርሶ ያቆማቸዋል፤ «ዋንስ» ማድረግ አንዴ ብቻ ያጫውታቸዋል። እንዲህ ያለ ማስተካከያ ክሮም ውስጥ አብሮ አልተሠራም።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው፣ ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ማስታወቂያ ለመከልከል ብቻ ይጭነዋል፤ ነገር ግን ሴቲንጉ ውስጥ ከተወሰነ ኪሎ ባይት በላይ የሆነ ምስልና ቪዲዮ እንዳይወርድ የሚያደርግ መስመር አለ። ካልቀየራችሁት ቁጥሩ 50 ኪሎ ባይት ነው። አሠራሩ ጥበብ አለው፦ ሰርቨሩ ፋይሉን መላክ ከመጀመሩ በፊት መጠኑን በመልሱ ራስጌ ላይ ስለሚናገር፣ ተጨማሪው ቁጥሩን አይቶ ከበዛ መስመሩን ይቆርጠዋል። ትንንሾቹ ምልክቶችና አዝራሮች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ገጹ አይበላሽም፣ ትልቁ ፎቶ በነበረበት ቦታ ላይ ሳጥን ይቀራል፤ ማየት የፈለጋችሁትን ብቻ ነክታችሁ ታመጡታላችሁ። ለሁሉም ገጽ ሳይሆን ለአንድ ዌብሳይት ብቻ ማብራትና ማጥፋትም ይቻላል። 50 ለዜና ገጽ ተስማሚ ነው፤ ዕቃ እየመረጡ ለሚገዙበት ገጽ 150 ወይም 200 ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ እያንዳንዱን ዕቃ መንካት ይሰለቻል። ይህ ተጨማሪ በአንድሮይድ ፋየርፎክስ ላይም ይሠራል። ክሮም የድሮውን የተጨማሪ ፕሮግራም አሠራር ስለሻረው እዚያ የቀረው ቀለል ያለው ቅጂ ነው።

ፎቶ አንሺዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉድለት አለ። የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሙ እንዴት መነበብ እንዳለበት የሚናገር መረጃ) ያልተጻፈበት ፎቶ ሰፊ ቀለም በሚያሳይ ስክሪን ላይ በፋየርፎክስ ሲከፈት ቀይና አረንጓዴው ከልክ በላይ ይደምቃል፤ ብሮውዘሩ በተለመደው ሁኔታ ቀለም የሚያስተካክለው ፕሮፋይል ላለው ፎቶ ብቻ ስለሆነ ነው። «ጂኤፍኤክስ ነጥብ ከለር አንደርስኮር ማኔጅመንት ነጥብ ሞድ» የሚለውን ከ2 ወደ 1 ቀይራችሁ ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይስተካከላል።

ክሮም

ስክሮል ላይ ክሮምን የሚያህል የለም። ትልልቅ ፎቶዎችን ገጹን ከሚያንቀሳቅሰው ሥራ ለይቶ ጎን ለጎን ስለሚፈታቸው፣ ፎቶው ባይደርስ እንኳ ጣታችሁን ተከትሎ ገጹ ይሄዳል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ከስሪት 76 ጀምሮ ዌብሳይቱ «ዘግይቶ ይጫን» ያለውን ፎቶ ያለ ሌላ ኮድ ራሱ ያዘገያል። የሚያዘገይበት ርቀት እንደ መስመሩ ይለያያል፦ በጥሩ መስመር ፎቶው ከስክሪኑ 1250 ፒክስል ሲቀረው፣ በደካማ መስመር ደግሞ 2500 ሲቀረው ይጠራዋል። ደካማው ላይ ርቀቱ የሚረዝመው ፎቶው ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈጅበት ነው። ዳታ ለመቆጠብ ለሚያስብ ሰው ግን ይህ ተቃራኒ ነው፤ ያላያችሁት ፎቶ ዳታችሁን በልቶ ይጠብቃችኋል።

ክሮም ከስሪት 67 ጀምሮ በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ዌብሳይት በተለየ ፕሮሰስ፣ ማለትም እንደ ተለየ ፕሮግራም ለብቻው ያስቀምጣል። ለደህንነት ትልቅ ነገር ነው፤ ሜሞሪ ግን ያስከፍላል። የታቀደለት ማስታገሻ «ሜሞሪ ሴቨር» ነው፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሴቲንግ ሥር ይገኛል። ለጊዜው ያልተነካ ታብን ከሜሞሪ ያወጣዋል፤ ስትመለሱ ገጹ እንደገና ይጫናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ፎቶ እያከላችሁበት የነበረ ቅጽ ወይም በመስመር ላይ የፎቶ ማረሚያ ከሆነ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ይችላል። እነዚህን ዌብሳይቶች «ሁልጊዜ ንቁ ይሁኑ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስቀድማችሁ አስገቡ።

ምስል ለማጥፋት ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኢሜጅስ» ነው። ወይ ሁሉም ወይ ምንም፤ በመጠን መለየት የለም፤ ለአንዳንድ ዌብሳይት ብቻ መፍቀድ ግን ይቻላል። በአንድሮይድ የነበረው ዳታ ቆጣቢ አሠራርም እ.ኤ.አ. በ2022 ከስሪት 100 ጋር ተነሥቷል፤ በሱ ምትክ የመጣ ነገር የለም። ዳታ በጥንቃቄ ለሚጠቀም ሰው ይህ ውሳኔ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

አሮጌው ምክር «ሁለት ዌብሳይት አንድ ፎቶ ከአንድ ቦታ ከጠሩ ካሹ ያግዛል» ይላል። ይህ ዛሬ አይሠራም። ክሮም ከስሪት 86፣ ፋየርፎክስ ከስሪት 85 ጀምሮ ካሹን በየዌብሳይቱ ከፋፍለውታል፤ ሳፋሪ ከእነሱ ቀድሞ አድርጎታል። ያው ፎቶ በሁለት ዌብሳይት ላይ ካለ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። የተደረገው ዌብሳይቶች በካሹ በኩል የሌላ ዌብሳይት ጉብኝታችሁን እንዳይሰልሉ ስለሆነ ለውጡ ተገቢ ነው።

ኤጅ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከእ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ክሮም በሚሠራበት ሞተር (ገጹን አንብቦ በሚያሳየው ውስጣዊ ኮድ) ነው፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ለሱም ይሆናል። ያልተነኩ ታቦችን የሚያስተኛው አሠራሩ በደንብ ይሠራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ክሮም ኤቪአይኤፍ የተባለውን የፎቶ ፎርማት እ.ኤ.አ. በ2020 በስሪት 85 ሲቀበል፣ ኤጅ በዚያው ሞተር እየሠራ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ፣ እስከ ስሪት 121 ድረስ አላነበበውም። በሥራ ቦታ ያልታደሰ ኤጅ ላይ የተሰበረ ፎቶ የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ የስሪቱን ቁጥር ይመልከቱ።

ሳፋሪ፣ በተለይ አይፎን ላይ

በፎርማት ብዛት ሳፋሪ አንደኛ ነው። ዌብፒን ዘግይቶ በስሪት 14፣ ኤቪአይኤፍን በስሪት 16 ተቀበለ፤ በስሪት 17 ግን ጄፔግ ኤክስኤልንም ኤችኢአይሲንም ጨመረ። ክሮም በአንጻሩ ጄፔግ ኤክስኤልን በሙከራ ደረጃ ይዞት ቆይቶ በስሪት 110 አወጣው። ኤችኢአይሲ አይፎን ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ፎርማት ነው። ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሰው ከአይፎኑ የጫነው ኤችኢአይሲ ፎቶ ለራሱ በሳፋሪ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ የሚጠቀሙት ጎብኚዎቹ ግን የተሰበረ ምልክት ያያሉ። መፍትሔው ከአይፎኑ ሴቲንግ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሡት በጄፔግ ይቀመጣሉ።

አይፎን ላይ የሜሞሪው ገደብ ጥብቅ ነው። ገጹ ገደቡን ሲያልፍ ሲስተሙ ታቡን ይገድለዋል፤ ሳፋሪ ራሱ እንደገና ይጭነዋል፤ እንደገና ከሞተ ችግሩ ተደጋግሞ እንደተከሰተ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ያስቀራል። ይህን መልእክት ሁልጊዜ በአንድ የፎቶ ገጽ ላይ የምታዩ ከሆነ ስልኩ አልተበላሸም። ብሮውዘር መቀየርም ብዙ አይረዳም፤ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን ውጭ አይፎን ላይ ያለ ክሮምም ፋየርፎክስም ከውስጥ የሚሠራው በሳፋሪ ሞተር ነው። በብሮውዘር ውስጥ ፎቶ የሚያርሙ ዌብሳይቶችም እዚህ ይሰናከላሉ፤ ዌብሳይቱ ፎቶውን የሚያርምበት የስዕል ሰሌዳ ከ16,777,216 ፒክስል፣ ማለትም ከ4096 በ4096 በላይ ሲሆን ሳፋሪ ባዶ አድርጎ ይመልሰዋል። በ48 ሜጋ ፒክስል የተነሣ ፎቶ አስገብታችሁ ነጭ ካወጣላችሁ መጀመሪያ አሳንሳችሁ ሞክሩ።

ምስል ለማጥፋት የአይፎን ሳፋሪ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አልተሰጠውም። ያለው ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ሞሽን» ሥር የሚንቀሳቀሱ ምስሎች በራሳቸው እንዳይጫወቱ ማድረግ ነው። ትንሽ ቢመስልም ይጠቅማል። 800 በ600 የሆነና 100 ቅንጥብ (ተከታታይ ምስል) ያለው ጊፍ ሙሉ ለሙሉ ቢዘረጋ 192 ሜጋ ባይት ነው፤ ለዚያውም በ256 ቀለም ብቻ። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ ሦስት አራት ጊፍ ማስቀመጥ በአጭር ቪዲዮ ሊተካ የሚችል ሸክም ነው።

ኦፔራ ሚኒ የተለየ ዕቃ ነው። ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ከፍቶ፣ ፎቶዎቹን አሳንሶና ጨምቆ ይልክላችኋል። በሴቲንጉ የፎቶ ጥራት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል። ለማንበብ ብቻ ለሚከፈት ገጽ በዳታ ቁጠባ ከሁሉም ይበልጣል። ከፍተኛውን ቁጠባ ስታበሩ ግን ብዙ እንቅስቃሴ ያላቸው ገጾች ይሰበራሉ፤ ገጹም በመካከለኛ ሰርቨር ስለሚያልፍ የባንክ ሥራ በዚያ አሠራር አለመሥራት ይመረጣል።

ፎቶ ማስቀመጥ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

«ፎቶውን ሳስቀምጠው ዌብፒ ይሆንብኛል፣ አይከፈትም» የሚለው ቅሬታ በሁሉም ብሮውዘር ላይ ይሰማል። ብሮውዘሩ ፎቶ ሲጠይቅ የሚያነባቸውን ፎርማቶች ዘርዝሮ ይልካል፤ ሰርቨሩ ከዝርዝሩ ትንሹን መርጦ ይልክለታል። ለዚህ ነው ያው አድራሻ አንዱ ብሮውዘር ላይ ጄፔግ፣ ሌላው ላይ ኤቪአይኤፍ የሚሆነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከዌብፒ ወደ ጄፒጂ መቀየር ፋይሉን አይለውጠውም። አንዳንድ ፕሮግራም ውስጡን አይቶ ይከፍተዋል፣ ሌላው ተበላሽቷል ይላል፤ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ፋይሉን በፎቶ ማረሚያ ከፍቶ እንደ ጄፔግ ማስቀመጥ ነው ትክክሉ።

ክሮም ላይ ሌላ መንገድ አለ። ኤፍ 12፣ ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ፤ «ሬንደሪንግ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፓነሉን ክፈቱ። ወደ ታች ስትወርዱ ኤቪአይኤፍንና ዌብፒን የሚያጠፉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሁለቱንም ምልክት አድርጋችሁ ፓነሉን ሳትዘጉ ገጹን እንደገና ጫኑት፤ ዌብሳይቱ የጄፔግ አማራጭ ካዘጋጀ እሱ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ጄፔጉ «ጄፊፍ» በሚል መጨረሻ ከተቀመጠባችሁ ደግሞ ፋይሉ ጄፔግ ነው፣ ጥፋቱ ዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ለጄፔግ የተጻፈው የስም መጨረሻ ነው፤ እዚህ ላይ ስሙን ብቻ ወደ ጄፒጂ መቀየር ይበቃል።

ከዌብፒ ጋር ሌላም ጉዳይ አለ። ፎርማቱ በተለመደው አጨማመቁ የቀለሙን ዝርዝር በየአቅጣጫው በግማሽ ይቀንሰዋል። ለመልክዓ ምድር ፎቶ ዓይን አይለየውም። ጥቁር ላይ የተጻፈ ቀጭን ቀይ ጽሑፍ ያለበት ምስል ግን ጠርዙ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለውን ምስል ደብዛዛ ያደረገው ብሮውዘሩ እንዳይመስላችሁ፤ በፒኤንጂ ወይም ጥራት በማያጎድለው የዌብፒ ዓይነት መቀመጥ ነበረበት።

ስሪት ማደስ ለፍጥነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሁሉም ብሮውዘሮች ዌብፒ ለመፍታት በሚጠቀሙበት የጋራ ኮድ ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ ተንኮል ያለበትን ፎቶ ማየት ብቻ ለጥቃት ያጋልጥ ነበር። ክሮም በስሪት 116.0.5845.187፣ ፋየርፎክስ በ117.0.1 ደፈኑት። ከዚያ ያነሰ ቁጥር የምታዩበት መሣሪያ ላይ ኢንተርኔት አትክፈቱ።

ምርጫው እንግዲህ እንደ መሣሪያው ነው። ራሙ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ኮምፒውተርና አንድሮይድ፣ ፋየርፎክስ ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር። ራም የማያጥረው፣ ቀኑን ሙሉ የፎቶ ማከማቻ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ክሮምን ይያዝ። ማክ ላይ ባትሪውና ፎርማቱ ሳፋሪን ያስመርጡታል። ዌብሳይት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም ከፍታችሁ ሞክሩ፤ በመጀመሪያ ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ ስፋትና ቁመቱን በኮዱ ውስጥ ጻፉ። ያ ሲጎድል ብሮውዘሩ ፎቶው እስኪደርስ ቦታ አይይዝለትም፤ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ ታች ይገፋል፤ አንባቢውም ሊነካው የነበረውን ትቶ ሌላ ይነካል። ስክሪን ላይ መጀመሪያ የሚታየውን ትልቁን ፎቶ ደግሞ «ዘግይቶ ይጫን» ከሚለው ዝርዝር አውጡት፤ እሱ ከዘገየ ገጹ በሙሉ የዘገየ ይመስላል።